አትንኪ የተባልኩት ፍሬን

በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ተመድቤ በምዕራብ ጎጃም ወደምትገኝ አንዲት ወረዳ ስሄድ፣ ከምደባ ደብዳቤዬ ቀጥሎ የተሰጠኝ ነገር አንድ ቁልፍ ነበር። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በሞዴል 22 አስፈርሞኝ፣ የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፋ ወደቆመችና መቀመጫዋ በማዳበሪያ ከረጢት ወደተሸፈነ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ብስክሌት ወሰደኝና «የአንቺ ይቺ ናት» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። መንዳት እችል እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ደብዳቤውን የፈረሙት ኃላፊም አልጠየቁኝም። ለሞተር ብስክሌትም መንጃ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል፤ ይሁን እንጂ በገጠር መንገድ ላይ ፈቃድ አሳዪ የሚል ስለማያጋጥም ጉዳዩ እንደ ቀላል ይታይ ነበር። እኔም ፈቃዱን ያወጣሁት ከወደቅሁ በኋላ ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ መጻፍ አለብኝ።

ሥራዬ ያለ ሞተር የሚሆን አልነበረም። የተመደቡልኝ ቀበሌዎች ሰባት ሲሆኑ፣ ሩቁ ቀበሌ ከወረዳው ከተማ 27 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቢሾፍቱ ተመርቶ የሚደርሰን የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ስላለበት፣ በበረዶ ሣጥን ይዞ በእግር የሚጓዝ ሰው ዳገቱን ጨርሶ እስኪደርስ ድረስ በረዶው ይቀልጣል፤ ከብቶቹን ከማለዳ ጀምሮ ይዞ ሲጠብቅ የዋለው ገበሬም ተስፋ ቆርጦ ወደ ግጦሽ ይለቃቸዋል። ስለዚህ መማር ነበረብኝ። መማሩንም ከልቤ እፈልገው ነበር፤ ልጅ ሳለሁ በመንደራችን በሞተር ይመጣ የነበረውን የወባ መከላከል ሠራተኛ፣ ያስነሳው አቧራ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ እሸኘው እንደነበር አልረሳም።

ያስተማሩኝ በዚያው ጽሕፈት ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ማታ ማታ ከሥራ ስንወጣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የኳስ ሜዳ እንሄድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን እንኳ አላስነሱልኝም፤ ማርሹን ፎሌ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ከጎማው ጋር በማይያያዝበት ቦታ፣ አድርገው ሜዳውን ሁለት ጊዜ እየገፋሁ እንድዞር አዘዙኝ፤ ቀጥለውም ሞተሯን መሬት ላይ አስተኝተው «በይ አንሻት፤ ማንሳት ያቃተሽን ነገር አትነጂውም» አሉኝ። መቶ ኪሎ ገደማ የምትመዝን ነገር በክንድ ጉልበት አትነሣም። ጀርባን ወደ መቀመጫዋ አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ መሪዋንና የዕቃ መጫኛዋን ይዞ፣ በእግር እየገፉ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው፤ በብዙ ጭቃ ውስጥም ጠቅሞኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የፍሪሲዮን ሳምንት ነበር። በግራ እጅ የሚጨበጠው ፍሪሲዮን ሞተሩንና የኋላውን ጎማ የሚያለያይና የሚያገናኝ ነው፤ ጀማሪውን ሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ በመለያየትና በመገናኘት መካከል ያለችው፣ ጣት ጥቂት ሲላላ ሞተሯ ወደፊት ልሂድ ልሂድ የምትልባት ጠባብ ቦታ ናት። ከዚያች ቦታ ፈጥነው ካለፉ ሞተሩ ተንፈራግጦ ይጠፋል፤ እዚያው ላይ ረጅም ጊዜ ከቆዩ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። በእግር እየመታሁ ስንት ጊዜ እንዳስነሳኋት አላውቅም፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ቀኝ ጭኔ ደረጃ መውጣት እስኪያቅተኝ ድረስ ዝሎ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ግራ እጄ ሳላዘው ያችን ቦታ አገኛት፤ ሞተሯም ጋሼ ከኋላ እየሮጡ መጫኛውን ሲለቁት እንኳ ሳይታወቀኝ የጎሉን ቋሚ ዞራ ተመለሰች። የሜዳው ልጆች ሁሉ «ነዳች! ነዳች!» እያሉ ተከተሉኝ። በዚያች ከተማ ሞተር የምትነዳ ሌላ ሴት አልነበረችምና፣ ከሜዳው ዳር ቆመው ነጠላቸውን አጣፍተው ይመለከቱ የነበሩ አንዲት እናት «እሰይ የኔ ልጅ፣ ወንዱ ብቻ ነው እንዴ መንገዱን የፈጠረው» ያሉኝ ቃል ከደመወዜ በላይ ደስ አሰኝቶኛል።

ጋሼ ካስተማሩኝ ነገር ሁሉ ደጋግመው የሚናገሩት ሁለት ነበር። አንደኛው «ዓይንሽን አንሺ» የሚል ነው፤ ጎማውን ሳይሆን ልደርስበት የምፈልገውን ሩቅ ቦታ እንዳይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቀኝ እጄን ጣቶች ከፊት ፍሬኑ እጀታ ላይ አንስተው በመሪው ዙሪያ እያጠፉ «ይቺን አትንኪ፤ ገልብጣ ትጥልሻለች» የሚል ነበር። ፍሬን ማለት ለእርሳቸው በቀኝ እግር የሚረገጠው የኋላው ፍሬን ነው። ይህ የእርሳቸው ብቻ ምክር አልነበረም፤ ከጽሕፈት ቤቱ ባልደረቦቻችን፣ ከጋራዡ ልጅ፣ በወረዳው ሞተር ከሚነዳው የጤና ባለሙያ አፍ ሁሉ ቃሉ ሳይለወጥ ሰምቼዋለሁ። ጋሼ ራሳቸው በወጣትነታቸው የፊቱን ፍሬን በድንገት ጨብጠው በመሪው ላይ አልፈው ወድቀዋልና፣ ያሉኝ ለእኔ ከማሰብ የተነሣ ነው። እኔም አመንኳቸው። አምስት ወር ሙሉ ያችን እጀታ አንድ ጊዜ እንኳ አልነካኋትም።

እነዚያ አምስት ወራት በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ የደመቁ ነበሩ። ክረምቱ ሲገባ ጭቃ ላይ እግሬን ዘርግቼ መሄድን፣ ወንዝ ከመሻገሬ በፊት ወርጄ ጥልቀቱን በዱላ መለካትን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው ካንዴላ ላይ ጥላሸት መጥረግን ለመድሁ። ቀድሞ በወር አንድ ጊዜ ባለሙያ ያዩ የነበሩ ቀበሌዎች በየሳምንቱ ያዩኝ ጀመር፤ ገበሬዎቹም የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ ለይተው ከብቶቻቸውን ይሰበስቡ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ሄልሜት ስላልነበረው፣ በሁለተኛው ወር ደመወዜ ባሕር ዳር ሄጄ ገዛሁ። ጭንቅላቴን ከብዶኝ፣ ሙቀቱም አስመርሮኝ ጥቂት ቀናት ከመጫኛው ላይ አስሬው እንደሄድሁ አስታውሳለሁ። በወደቅሁበት ቀን ግን አድርጌው ነበር።

ዕለቱ በ2009 ዓ.ም. መስከረም አጋማሽ ላይ የዋለ የገበያ ቅዳሜ ነው። የክረምቱ ጎርፍ የፒስታውን አፈር አጥቦ ስለወሰደው መንገዱ ላይ የቀረው ልቅ ጠጠር ብቻ ነበር። የክትባቱን ሣጥን ከከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ከኋላ አስሬ፣ ወደ አንድ ጅረት የሚወርደውን ቁልቁለት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ እወርዳለሁ። ይህን ቁጥር የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 10 ሜትር ነው። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ከፊቴ ሃያ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ጤፍ የተጫኑ ሁለት አህዮች መንገዱን አግድመው ቆመዋል። ሁለት ሰከንድ ነበረኝ ማለት ነው።

ከአህዮቹ በስተግራ አንድ ሞተር የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ እንደነበረ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት የፊተኛዋን አህያ ብቻ ነው፤ ዓይኔ እርሷ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ሞተሯም ዓይኔን ተከትላ ወደ እርሷ ሄደች። የኋላውን ፍሬን በሙሉ ኃይሌ ረገጥሁት፤ ጎማው ታስሮ በጠጠሩ ላይ መንሸራተት ጀመረ እንጂ ሞተሯ አልቆመችም። በዚህ ጊዜ ቀኝ እጄ፣ አትንኪ የተባለችውን፣ አምስት ወር ሙሉ ያልነካትን እጀታ በአራቱም ጣቶቹ ጨበጣት። ይህን አድርጊ ብዬ አላዘዝሁትም። የሚደናገጥ ሰው እጁ ያገኘውን ይጨብጣል።

ስወድቅ አላስታውስም። የማስታውሰው ጉንጬ ከሄልሜቱ ውስጥ ሆኖ መሬቱን ሲሰማ፣ የሞተሯ ድምፅ አለማቋረጡን፣ በአየር ላይ የቀረው የኋላ ጎማ መሽከርከሩን፣ የቤንዚኑን ሽታ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «እኔን! እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እያሉ ከየአቅጣጫው የሚሮጡ የገበያተኞችን ድምፅ ነው። ቋንቋችን ለወደቀ ሰው የሚሰጠው ይህ ቃል፣ መውደቁ በአንቺ ፋንታ በእኔ ይሁን የሚለው ቃል፣ ምን ያህል እንደሚያጽናና የተረዳሁት ያን ቀን ነው። የአህዮቹ ባለቤት የሆኑት ሴት ጥፋቱ የእርሳቸው ይመስል እያለቀሱ በነጠላቸው ጫፍ የጉልበቴን ደም ያብሱ ነበር። አንድ አዛውንት የሞተሯን ቁልፍ ዘግተው፣ በጠጠሩ ላይ የተበተኑትን የክትባት ብልቃጦች አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደ ሣጥኑ መለሱልኝ፤ የወጣው በረዶም እንዳይቀር አፈሩን እየጠረጉ ጨመሩበት። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ደህና ነው፤ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ» አሉኝ። አህዮቹ አልተነኩም።

ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ማበጥ ሲጀምር፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ወጌሻ ዘንድ ልወሰድ አለ። ወጌሻን አልንቅም፤ የአያቴ የተሰበረ እግር የዳነው በወጌሻ እጅ ነው። ነገር ግን የተሰበረ አካል ሲያብጥ በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር ስለሚከለክል፣ በዚህ ምክንያት ሥጋቸው ሞቶ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች በሀገራችን ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ መሪር ገጠመኝ መሆኑን በትምህርቴ አውቅ ነበርና እምቢ አልሁ። እጄን በአንገቴ ላይ በነጠላ አንጠልጥለው በአይሱዙ የጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ወደሚገኘው ሆስፒታል ላኩኝ። ራጅ ተነሥቼ የአንጓው አጥንት መሰንጠቁ ታወቀ፤ ጀሶውም ስድስት ሳምንት ቆየ። እናቴ በስልክ ሰምታ ካለቀሰች በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «ሁለተኛ እንዳትነኪው» የሚል ነበር።

በእነዚያ ስድስት ሳምንታት፣ በግራ እጄ ስልኬን ይዤ፣ ምን እንደሆንሁ ለመረዳት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ሞተር ብስክሌት ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማው ወደ መሬት ይጫናል፤ የተጫነ ጎማ ደግሞ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ የኋላው በተቃራኒው ይቀልላል። ስለዚህ አንድን ሞተር የሚያቆመው ኃይል አብዛኛው የሚገኘው ከፊት ፍሬኑ ነው። ጭንቁ ያለው በአያያዙ ላይ ነው፤ እጀታዋ ቀስ ተብላ፣ ከዚያም እየጠበቀች ከተጨመቀች ክብደቱ ፊት ለፊት ለመድረስ ጊዜ ያገኛል፤ በድንገት ከተጨበጠች ግን ክብደቱ ሳይደርስ ጎማው ይታሰራል፤ የታሰረ የፊት ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ አይመራም፣ ከሥር ተንሸራትቶ ይሄዳል። እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካው የእጅ መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። እኔ ያችን መዳፍ የምታህል ቦታ በአንድ ጊዜ እየታጠፍሁባትም፣ በሙሉ ኃይሌ እያቆምሁባትም ነበር፤ ያውም ወለል ላይ እንደፈሰሰ ሽምብራ በሚንከባለል ጠጠር ላይ።

ካነበብሁት ሁሉ በላይ የከነከነኝ በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ አንድ ጥናት ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የተባሉ ተመራማሪ የመሩት ቡድን በሎስ አንጀለስና አካባቢው የደረሱ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በቦታው እየተገኘ መርምሯል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች መካከል 92 ከመቶ የሚሆኑት መንዳትን የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያች ሞተር ላይ ያላቸው ልምድ ከአምስት ወር በታች ነው። ከአደጋው ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜ በአብዛኛው ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም የኋላውን ጎማ አስረው ሲንሸራተቱ፣ የፊቱን ፍሬን ግን እንደሚገባው አልተጠቀሙበትም። አምስት ወር፣ ሁለት ሰከንድ፣ ከጓደኛ የተገኘ ትምህርት፤ አይቼው የማላውቀው ከተማ ውስጥ፣ ሳልወለድ በፊት፣ የእኔ ታሪክ ተጽፎ ያገኘሁ መሰለኝ።

ሄልሜቴንም በዚያው ሰሞን በደንብ አየሁት። በቀኝ በኩል፣ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ፣ የጣት ርዝመት ያላቸው ጥልቅ ጭረቶች ነበሩበት። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ 61 ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ የሕክምና ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን 42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ 69 ከመቶ እንደሚቀንስ ያሳያል። የጉዳዩ ምርምር የተጀመረበት ታሪክም ከእኔው ጋር ተመሳሰለብኝ፤ በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአረቢያው ሎውረንስ በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊ በሞተሩ ሲሄድ በብስክሌት የሚጓዙ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲሸሽ ወድቆ፣ ራሱን ተጎድቶ ከስድስት ቀናት በኋላ ሞተ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት ሂው ኬርንስ በሞቱ እጅግ በማዘናቸው የሞተር ነጂዎችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ጀመሩ፤ በ1941 ያሳተሙት ጽሑፍም የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞቹን ሄልሜት ለማስደረግ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። እነዚያን ጥቂት ቀናት ሄልሜቱን ከመጫኛው ላይ አስሬ የሄድሁባቸውን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ በሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ ሲጣል ክርክሩ ሁሉ ስለ ንጥቂያና ስለ ዝርፊያ ነበር፤ ያም ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በየወረዳው ቁልፍ ተቀብለው ወደ ገጠር የሚወጡትን የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ማን እንዳስተማራቸው ሲጠየቅ አልሰማሁም። መርፌ ሳይማሩ ለላም ክትባት የሚሰጥ የለም። ሞተሩን ግን ፈርመን እንረከባለን፤ ትምህርቱ ለደግ ባልደረባና ለኳስ ሜዳ ይተዋል።

ጀሶው ከተፈታና እጄ ከበረታ በኋላ ጋሼን ወደ ሜዳው እንዲመለሱ ለመንኋቸው። የፊቱን ፍሬን ለመለማመድ እንደምፈልግ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ «ከጣለችሽ በኋላ?» አሉኝ። የጣለችኝ ስላልተማርኳት እንደሆነ ያነበብሁትን አስረዳኋቸው፤ አልተከራከሩም፤ ሳያምኑኝም መጡ። በደረቀው መሬት ላይ ድንጋይ አስቀምጠን፣ ሞተሯን ቀጥ አድርጌ ከድንጋዩ አጠገብ ስደርስ እንድይዝ ተስማማን። መጀመሪያ እንደ ሰው እርምጃ በዝግታ፣ በሁለት ጣት ብቻ፣ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው፣ ቀጥሎም እያጠበቅሁ። የፊቱ ሞላ ረግቶ ሲወርድ፣ ጎማው መሬቱን ሲነክስ፣ ሞተሯም ከሥሬ ስትረጋጋ በመዳፌ ተሰማኝ። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨመርን። በመጨረሻ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየመጣሁ በኋላው ፍሬን ብቻ ስቆም ጋሼ ከድንጋዩ እስከ ጎማው 14 እርምጃ ቆጠሩ፤ በሁለቱም ስቆም 8። ድንጋዩ ዘንድ ተመልሰው ደግመው ቆጠሩት። አሁንም 8 ነው።

በዚያው ሳምንት ሌላም ነገር ተማርን። ሞተር በፍጥነት ሲሄድ ወደ ግራ መታጠፍ የፈለገ ሰው የግራውን መሪ ወደፊት ይገፋል፤ መሪው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ይዞርና ሞተሯ ወደ ግራ ታጋድላለች። ሁለታችንም ይህን ስናደርግ ኖረን ማድረጋችንን አናውቅም ነበር። አውሮፕላን ከመሥራታቸው በፊት ብስክሌት ሠሪ ከነበሩት የራይት ወንድማማቾች አንዱ ዊልበር ብዙ ብስክሌተኞችን ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፉ ጠይቆ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ በትክክል የመለሰለት አንድ ሰው እንኳ እንዳላገኘ ማንበቤን ለጋሼ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው፣ ሞተሯን አስነሥተው ሜዳውን ዞሩና ወደ ድንጋዩ መጡ፤ ሁለት ጣታቸውን እጀታዋ ላይ ሲያሳርፉ አየሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የሸሿትን ፍሬን ቀስ አድርገው ጨመቋት። ሞተሯ ቆመች። ወርደው እርምጃውን ራሳቸው ቆጠሩ።

ፈቃዴን በቀጣዩ ዓመት አወጣሁ፤ ያችን ወደ ጅረቱ የምትወርድ ቁልቁለትም ብዙ ጊዜ ወርጃታለሁ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ አዲስ ተመራቂ ተመደበልንና እንደ እኔው በሞዴል 22 ፈርሞ ቁልፍ ተቀበለ። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ኳስ ሜዳው ይዤው ሄድሁ። መጀመሪያ እየገፋ እንዲዞር አደረግሁት፤ ቀጥሎ ከመሬት እንዲያነሣት። መቀመጫው ላይ ሲወጣ የቀኝ እጁን ጣቶች አጥፎ መሪውን አጥብቆ ያዘና «እትዬ፣ ይቺ የፊቷ ግን አትነካም አይደል?» አለኝ።

ሁለት ጣቶቹን ዘርግቼ እጀታዋ ላይ አሳረፍኳቸው።